የከድር ጀርባ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ካሜራ የገዛ ጎረምሳ ሁሉ፣ ስልኩን ይዞ እንጦጦ የሚወጣ ሁሉ በራፌ ላይ ቆሞ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል። "ጋሼ፣ ሌላ ሰው ያላነሳው ዓይነት ፎቶ እንዴት ነው የሚነሳው?" ይለኛል። መልሱን አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ ነበር። ግን መናገር ስለማልወድ ሰፈሩ ኩራተኛ ሽማግሌ ይለኛል። ይበሉ! በዚያው መልስ ምክንያት አንዲት ሴት የባሏን ፊት ከኔ ፈልጋ እንዳጣች ሳልናገር ስልቱን ብቻ ብነግራቸው የዋሸኋቸው ያህል ይሰማኛል። እንግዲህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

ሥራ የገባሁት አገር ጎብኚዎችን የሚመለከት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ፖስት ካርድ፣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ በየኤምባሲው የሚለጠፍ ትልልቅ ሥዕል የምናዘጋጅ ጥቂት ሰዎች ነበርን። ደርግ ከመጣ በኋላ ጎብኚ የሚባል ፍጡር ከከተማው ጠፋ፤ ፎቶው ግን አልቆመም። ማን እንደሚያየው እንጃ! ሰው ከቤቱ ወጥቶ መመለሱን በሚጠራጠርበት ዘመን እኛ "ኑ፣ አገራችንን እዩ" የሚል ሥዕል እናመርት ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሲጋራ ይበቃኝ ስለነበር ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ወርዶፋ ናቸው። አለቃዬ አልነበሩም፤ ከኔ ብዙ ቀድመው የገቡ አንጋፋ ፎቶ አንሺ ናቸው። ቁጡ፣ ምላሳቸው የማያርፍ፣ ከኪሳቸው ቆሎ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። አንድ ቦታ ለማንሳት ስንሄድ መጀመሪያ ካሜራውን መኪናው ውስጥ ቆልፈው ይወርዳሉ። ባዶ እጃቸውን ይዞራሉ፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ እንጨት ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር በኦሮምኛ እያወሩ ይሳሳቃሉ። እኔ ብርሃኑ ሊያመልጠን ነው ብዬ ስቁነጠነጥ ይቆጡኛል። "ቁጭ በል አንተ! ገና ምን አየህና ነው የምታነሳው?"

መጀመሪያ እንጦጦ ይዘውኝ የወጡ ቀን፣ ከተማው ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት አፋፍ ላይ ሮጬ ቆምኩና ካሜራዬን አስተካከልኩ። ጋሽ ወርዶፋ ከኋላዬ መጥተው፣

"እግርህ ሥር ተመልከት" አሉኝ።

ተመለከትኩ። የተረገጠ አፈር ነው።

"ሣር አለ?"

"የለም፣ ጋሽ ወርዶፋ።"

"ለምን የለም? ፎቶ የሚያነሳ ሁሉ እዚህች ላይ ስለሚቆም ነዋ! ሣሩ ያለቀበት ቦታ ቆመህ የምታነሳው ፎቶ የሰው ነው፣ ያንተ አይደለም። ሂድ፣ ሣር ፈልግ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የትም ስሄድ መጀመሪያ የማየው መሬቱን ነው። ጥሩ ፀሐይ ሲወጣ ሁሉም ሰው ካሜራ ስለሚያወጣ እኛ ጭጋግና ካፊያ እንጠብቅ ነበር። ሌላው ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ከፊት ለፊት ሲያነሳ እኛ ከጓሮ፣ ቄሶቹ ጫማቸውን ከሚያሰጡበት በኩል እንዞራለን። ይህን ሁሉ ቶሎ ለመድኩት። ያልለመድኩት ሰውን ፎቶ ውስጥ ማስገባት ነበር። አንድ ጊዜ ገደል አፋፍ ላይ አንድ ሰው አቁሜ፣ የገደሉ ጥልቀት እንዲታወቅ ብዬ አነሳሁ። ጋሽ ወርዶፋ የታተመውን ወረቀት ከነእርጥበቱ አንስተው ተመለከቱት።

"ምንድን ነው ያነሳኸው?"

"ገደሉን።"

"የታለ ገደሉ? እኔ የማየው የዚህን ሰውዬ ጥርስ ነው!" አሉኝ። "ፊት ካለ ዓይን እዚያው ይቀራል፣ አገሩን አያይም። ሰውዬውን አዙረው። እሱ ወደሚያይበት ተመልካቹም አብሮ ያያል።"

ያ ጥርሳም ሰውዬ ከድር ነበር። ከድር የመሥሪያ ቤታችን የላንድሮቨር ሾፌር ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው፤ እሱ ግን ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ስኳር ከመመዘን መሪ መጨበጥ ይሻለኛል ብሎ የወጣ ልጅ ነው። እንደሱ የሚስቅ ሰው አላየሁም። ሲስቅ ዓይኖቹ ጠፍተው ጥርስ ብቻ ይሆናል። መኪናውን አቁሞ ቁጭ ብሎ ከሚጠብቀን ብለን ፎቶ ውስጥ እናቆመው ጀመር፤ ቁመቱም ትከሻውም ለዚያ የተፈጠረ ነበር።

"ከድር፣ ትንሽ ወደ ግራ! እሺ፣ በቃ። እንዳትዞር!"

"አንተ መኮንን፣ ፊቴ እንዲህ አስቀያሚ ነው እንዴ? ዘይነባ እኮ አይታ ነው ያገባችኝ!"

"አትሳቅ፣ ትከሻህ ይንቀጠቀጣል።"

"ጀርባ የሚያፈቅር ሰው ዛሬ አየሁ፣ ወላሂ!"

በአንድ የክረምት ጧት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን ዳገት ወጥተን፣ ባሕር ዛፉ መሃል ጭጋጉ እስኪሳሳ ተቀምጠን ጠበቅን። ጋሽ ወርዶፋ ያን ቀን አልመጡም፣ ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ከድር ጋቢውን ተከናንቦ ሣሩ ላይ ቆመ። ጭጋጉ ከበታቹ ተከፈተና የከተማው ቆርቆሮ ጣሪያዎች እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳሁት። ጥሩ ፎቶ ሲነሳ እጅ ቀድሞ ያውቃል፤ የኔም እጅ አወቀ።

ሥራ አስኪያጃችን ከወታደር ቤት የመጡ ጓድ ነበሩ። "እነዚህን ተራሮች ስንት ጊዜ ነው የምታመጡልኝ? አዲስ ነገር የለም እንዴ?" እያሉ ፎቶ የሚወረውሩት ሰውዬ ይችኛዋን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሱ። "ይሄ ነው!" አሉ። "ይሄ ወዛደር ወደ ብሩህ ተስፋው እየተመለከተ ነው!" የዓመቱ ቀን መቁጠሪያ ሽፋን ሆነች። ከድር ሲሰማ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። "እኔ እኮ የእጅ ፍሬኑን መያዜን ረስቼ፣ መኪናው ቢንሸራተትስ እያልኩ ነበር የማየው" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስልቴ እሱ ሆነ። ጣና ዳር ስንላክ ከድርን ውኃውን እንዲያይ፣ ባሌ ስንላክ ደጋውን እንዲያይ፣ አዋሽ ስንላክ ፏፏቴውን እንዲያይ አቆመዋለሁ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ "የመኮንን ፎቶ" ማለት ጀርባውን የሰጠ ሰው ያለበት ማለት ሆነ። ባዕድ አገር ሄዶ የተመለሰ አንድ ባልደረባችን "የከድርን ጀርባ አውሮፕላን ማረፊያ ግድግዳ ላይ አየሁት" ብሎ ሲያወራ ሁለታችንም እንደ ልጅ ተደሰትን። እውነቴን ነው፣ በሥራዬ እንደዚያ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ከዚያ ያ የቀይ ሽብር ሰሞን መጣ። ስላየነው ነገር ሌሎች ጽፈዋል፤ እኔ የማውቀውን ብቻ ልናገር። ቤት ለቤት አሰሳ ሲጀመር ሰው መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ፎቶውንም ማቃጠል ጀመረ። ከሚፈለግ ሰው ጋር አብሮ ፎቶ መነሳት ራሱ ወንጀል ነበራ! የዘይነባና የከድር የሠርግ ፎቶ ላይ ሚዜ ሆኖ የቆመው ልጅ ስሙ በቀበሌው ውስጥ ተነሳ። ዘይነባ ያን ጊዜ ከተሞሸረች ብዙም አልቆየችም፤ አሳሾቹ ወደ ሰፈራቸው ደረሱ ሲባል የሠርጉን ፎቶ፣ የአጃቢዎቹን ፎቶ፣ ከድር የሚታይበትን ያለውን ሁሉ ሰብስባ ከሰል ምድጃው ላይ ጨመረችው። በማግሥቱ ከድር መኪና እያሞቀ ነገረኝ።

"በሠርጌ ፎቶ ሻይ አፈላችልኝ፣ ታምናለህ?"

"ምን አልካት?"

"ምን እላታለሁ፣ ስኳር ጨምሪበት አልኳት!"

እኔም ሳቅሁ። "ምንም አይደለም፣ አንድ ቀን ቤት መጥቼ ሁለታችሁንም አሳምሬ አነሳችኋለሁ" አልኩት። "ለአረፋ ና፣ በግም አለ" አለኝ። ተቀጣጠርን።

አረፋ ሳይደርስ ወሰዱት። ጧት ነው፣ ግቢያችን ውስጥ። ከድር የመኪናውን መስኮት ያጸዳል፣ እኔ ለሥራ ልንወጣ ነው ብዬ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። ሁለት ሰዎች ገብተው ስሙን ጠየቁት፤ "ለትንሽ ጥያቄ ነው፣ ይመለሳል" አሉን። ከድር ጨርቁን አጥፎ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ፣ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጠ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ አየኝ። ፊቱን ሙሉ ለሙሉ አየሁት፤ አልሳቀም። ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር።

ዘይነባ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። በየእስር ቤቱ በር ስንቅ ይዛ ተሰለፈች። አንዱ በር ላይ "እዚህ የለም" ይሏታል፣ ሌላው በር ላይ ምሳ ዕቃውን ተቀብለው ማታ ሳይነካ ይመልሱላታል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የተሰለፉት ሴቶች ሁሉ ያውቃሉ፣ ግን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። በመጨረሻ አንድ የተፈታ ሰው አገኘች። ሰውዬው "እህቴ፣ እዚያ ማንም በስሙ አይጠራም፣ ሁሉም ቅጽል ስም ነው ያለው። ብዙ ፊት አይቻለሁ። ፎቶ አምጪልኝና አይቼ ልንገርሽ" አላት። አንዲት ሴት ባሏ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ የምትፈልገው አንድ ፊት ብቻ ነበር።

መታወቂያውንም መንጃ ፈቃዱንም ኪሱ ውስጥ እንዳለ ነው የወሰዱት። ቀበሌ ስትሄድ "ስለሱ መጠየቅ አንቺንም ያስጠይቅሻል" ብለው መለሷት። ፎቶው ያለበትን የመሥሪያ ቤታችንን ማኅደሩን የወሰዱት ሰዎች በዚያው ቀን ተረክበውት ሄደዋል። ስለዚህ እኔ ዘንድ መጣች። ነጠላዋን አገጯ ሥር ይዛ፣ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች።

"ጋሽ መኮንን፣ አላህ ይስጥዎት፣ እርስዎ ጋ አይጠፋም ብዬ ነው" አለችኝ። "ሁልጊዜ ዛሬም መኮንን አነሳኝ እያለ ነው ቤት የሚገባው።"

"አይጠፋም፣ ዘይነባ" አልኳት። "ስንትና ስንት ጊዜ አንስቼዋለሁ!"

ጋሽ ወርዶፋን ጠራኋቸውና ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ኔጌቲቭ ሁሉ አወጣን። እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል እየሆንን አንዱን ጥቅል ከሌላው በኋላ መብራት ላይ ዘረጋን። ጣና፣ ጀርባ። ባሌ፣ ጀርባ። አዋሽ፣ ጀርባ። ጋቢ ለብሶ፣ ካፖርት ለብሶ፣ ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ ባርኔጣ አድርጎ፣ ጀርባ። ያቺ ጥርሱ የሚታይባትማ የገደሉ ፎቶ? እሷን ጋሽ ወርዶፋ "ይህ ፎቶ አይደለም" ብለው ያን ጊዜውኑ ኔጌቲቯን ቀደው ጥለዋታል። ሽማግሌው ይህን ሲያስታውሱ ቆሎ የያዘው እጃቸው ቆመ። "እኔ ነኝ አዙረው ያልኩህ" አሉኝ። እኔ የሚቀጥለውን ጥቅል መብራቱ ላይ ዘረጋሁ።

ከዚያ አንዲት አገኘን። የእንጦጦዋ፣ ከጭጋጉ ቀን ሌላ ቀን የተነሳች ናት። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከኋላው ሲያልፉ አንዷ ሳትጠራው አልቀረችም፣ አንገቱን ሊያዞር ሲጀምር ጣቴ የካሜራውን መጫኛ ነክቶታል። ያን ጊዜ ተበላሸች ብዬ ያለፍኳት ናት። በኔጌቲቯ ላይ ጭንቅላቱ የሩዝ ፍሬ እንኳን አያክልም። ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግነው፤ ጋሽ ወርዶፋ የራሳቸውን ምርጥ ሌንስ ከሣጥን አውጥተው ገጠሙበት። በቀዩ መብራት ወረቀቱን ሥዕሉን በሚያወጣው ፈሳሽ ውስጥ ነክሬ ገንዳውን ቀስ እያልኩ ወዘወዝኩ። መጀመሪያ ጆሮው መጣ። እልል ሊያሰኘኝ ምንም አልቀረውም! ከዚያ ጉንጩ፣ ከዚያ የአገጩ ጠርዝ። ዓይኑ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። ወረቀቱ እየጠቆረ ሄደ፣ ጆሮውም በዚያው ሰመጠ። ሌላ ወረቀት ነከርን፣ ብርሃኑን ቀነስን፣ ጨመርን፣ ውኃውን አሞቅን። ጋሽ ወርዶፋ ያላቸውን እውቀት ሁሉ አፈሰሱበት። ፊልሙ ያላየውን ነገር ማንም ከውስጡ ማውጣት አይችልም፤ ይህን እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ።

ዘይነባ ስትመጣ የተሻለችውን ህትመት ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ይዛት ሄዳ ረጅም ጊዜ አየቻት።

"ጆሮው ነው" አለች። "ወላሂ፣ ጆሮው ነው።"

"ከዚህ በላይ አልወጣልኝም፣ ዘይነባ።"

"ሌላውስ? የቀረውስ?"

የቀረውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። አንድ በአንድ አየች፣ አላለቀሰችም። ባሏ በኢትዮጵያ ምድር ሁሉ ዞሮ ለሷ ብቻ ጀርባውን የሰጣት ይመስል ነበር። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። በመጨረሻ ያቺን የቀን መቁጠሪያዋን፣ ጭጋግ ያለባትን አነሳች። "ይችን ይስጡኝ፣ አቋቋሙ እሱ ነው" አለች። ለዚያ ለተፈታው ሰውዬ ይዛለት ሄደች። ሰውዬው አገላብጦ አይቶ "እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ" ብሎ መለሰላት። ሁለተኛ ልትፈልገው ስትሄድ ከሰፈሩ ለቆ ነበር።

እኔ ከዚያ በኋላ የአገር ገጽታ ማንሳት አልሆነልኝም። ባዶ ተራራ አነሳለሁ፣ ሥራ አስኪያጁ "ሰውዬው የታለ? ያ ወዛደር የታለ?" ይሉኛል። ከግቢያቸው ማን እንደተወሰደ የሚያውቁ ሰው ናቸው እኮ! አንድ ቀን አመልክቼ ጉርድ ሾላ ወደሚገኝ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ የመታወቂያ ፎቶ ወደሚነሳበት ክፍል ተዛወርኩ። ጋሽ ወርዶፋ ተቆጡ፤ "ይህን ማንም ይሠራዋል፣ አንተ ሙያህን ልትቀብር ነው?" አሉኝ። ልቅበረው አልኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ያ ሆነ። ነጭ መጋረጃ፣ አንድ በርጩማ፣ "ቀና በሉ፣ ወደኔ ይመልከቱ" እያልኩ ስንቱን ፊት አነሳሁ። ጋሽ ወርዶፋ እዚያው መሥሪያ ቤት እያሉ አረፉ።

የዘይነባን ቤት መጠየቅ ግን አላቋረጥኩም። መርዶ የነገራት የለምና ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ "ጠፋ" እንጂ "ሞተ" ብላ አታውቅም። ከድር ከተወሰደ በኋላ የተወለደችው ልጅ ሰሚራ ትባላለች። ያቺ የጭጋጓ ፎቶ በመስታወት ገብታ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች፤ እንግዳ ሲመጣ ዘይነባ "አባቷ ነው" ትላለች፣ እንግዳውም "ደስ የሚል ቦታ ነው" ይላል።

ሰሚራ ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት፣ በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ግድግዳው ባዶ ነው፣ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ዘይነባ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ፎቶዋ መሬት ላይ በፊቷ ተደፍታ፣ ከኋላዋ የነበረው ካርቶን ተቀዶ፣ ትንንሾቹ ምስማሮች ተነቃቅለው ምንጣፉ ላይ ተበትነዋል።

"ምን ሆነ?" አልኳት።

"እሷ ናት" አለችኝ፣ ወደ ሰሚራ እያመለከተች። "ወንበር ላይ ወጥታ አውርዳው ነው። ምን እየሠራሽ ነው ብላት፣ ፊቱ በዚያ በኩል ነው ያለው ብላኝ እኮ ነው!"

ሰሚራ ካርቶኑን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማለች። ካርቶኑ ነጭ ነው፣ በሁለቱም በኩል ምንም የለበትም። ሄጄ አጠገቧ ተንበረከክሁ። እቅፍ ላድርጋት ስል ወደ ኋላ አለችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ዓይኖቿ ሲያፈጥጡ የአባቷን ይመስላሉ፤ ያን ጧት በሩ ጋ ያየሁትን ያንኑ ዓይን ነው ያየሁት።

"ጋሼ፣ ፎቶውን ያነሱት እርስዎ ነዎት አይደል?"

"አዎ፣ የኔ ልጅ። እኔ ነኝ።"

"እና ለምን አልጠሩትም?" አለችኝ። "ከድር ብለው ቢጠሩት ይዞር ነበር እኮ።"